ነተበ፣ ዶለዶመ፣ ተሸረሸረ፦ ቀስ ብሎ ስለሚያልቅ ነገር

(አዳማ ላይ ለቋንቋ ወዳጆች ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ጥላ ሥር ቁጭ ብላችሁ ቡና መጠጣት ስትችሉ፣ በዚህ ሙቀት ስለ ግሥ ለመስማት መምጣታችሁ ደስ ብሎኛል፤ ትንሽም አሳፍሮኛል። ንግግሬ ከረዘመባችሁ ጥፋቱ የግሪኮች ነው። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ወደዚህ ርዕስ ያመጣኝ የራሴ ስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ዓመታዊ ሪፖርቱን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እንድመልስለት ሰጠኝ። ከሠንጠረዦቹ በአንዱ ራስ ላይ «አትሪሽን» የሚል ቃል ተቀምጧል። መዝገበ ቃላት ገለጥሁ። መፈተግ፣ ማለቅ፣ መሸርሸር፣ መዳከም ይላል። ሌሊቱ ገፍቷል፤ ሥራው በማግሥቱ ይፈለጋል። «የሠራተኞች መሸርሸር መጠን» ብዬ ጽፌ ተኛሁ። ታተመ። ከሳምንት በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር መንገድ ላይ አገኘኝና ቆብ አንሥቶ ሰላምታ ከሰጠኝ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ጎርፍ ወስዷቸዋል ብለው የጻፉብን እርስዎ ነዎት?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሠንጠረዡ ሊል የፈለገው ሌላ ነው። ሰዎች አንድ በአንድ ይለቃሉ፤ አንዱ የተሻለ ደመወዝ ያገኛል፣ ሌላው ጡረታ ይወጣል፣ ሌላው ያርፋል። በቦታቸው ሰው አይተካም። ማንም አልተባረረም፤ ግን ቢሮው ባዶ ይሆናል። አንዳንዶች ይህንን «የሠራተኛ ፍልሰት» ይሉታል። ነገር ግን ስድሳ ዓመት ሞልቶት ቤቱ የገባ ሰው ወዴት ፈለሰ? እኔ እንግዲህ ቃሉ እንዴት እዚህ እንደደረሰ መፈለግ ጀመርሁ።

ሥሩ የላቲን ነው። «ቴሬሬ» የሚል ግሥ አለ፤ ማሸት፣ መፈተግ፣ መውቃት ማለት ነው። በፊቱ «ወደ» የምትል «አድ» ስትገባበት «አቴሬሬ» ይሆናል፤ አንዱን በሌላው ላይ ማሸት። ዘመዶቹ ብዙ ናቸው። ስንዴን ሮማውያን «ትሪቲኩም» ይሉት ነበር፤ ዛሬም በሳይንስ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ቫሮ የተባለው የሮማ ሊቅ ስሙን ሲተረጉም፣ ከዛላው ተፈትጎ የሚወጣ ስለሆነ ነው ይላል። ፍትግ ገብስ ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሮማውያን እህል የሚወቁበትም ሳንቃ ነበራቸው። ከሥሩ ስለታም ድንጋይ ተሰክቶበት በበሬ እየተጎተተ አውድማው ላይ ይዞራል፤ ስሙ «ትሪቡሉም» ነው። የክርስትና ጸሐፊዎች መከራን በዚያ ሳንቃ ጠሩት፤ እንግሊዝኛም ለመከራ ካሉት ቃላት አንዱን ከዚያ ወሰደ። የእኛ አውድማ የሚያውቀው የበሬ ኮቴ እንጂ ሳንቃ አይደለም። ሆኖም «መከራ ያደቀቀው ሰው» ስንል ያንኑ ሥዕል ነው የምናየው፤ ደቀቀ ማለት እኮ ዱቄት ሆነ ማለት ነው።

የሚገርመው፣ ቃሉን በመጀመሪያ ያከበሩት ወታደሮችም የቢሮ ሰዎችም አይደሉም። በመካከለኛው ዘመን የላቲን ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ጸጸትን ለሁለት ከፈሉት። ፈጣሪውን ወድዶ ስለ በደሉ የሚያዝን ሰው ጸጸት «ኮንትሪቲዮ» ተባለ፤ ልቡ ፈጽሞ ደቅቋል። ሲኦልን ፈርቶ የሚጸጸተው ደግሞ «አትሪቲዮ» ነው፤ ተፈትጓል፣ ገና አልደቀቀም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትሬንት ጉባኤ በ1551 እ.ኤ.አ. ስለ ንስሐ በደነገገበት ክፍል ሁለቱን ለይቶ አስቀምጧቸዋል። ዳዊት በ50ኛው መዝሙር፣ በሌላው አቆጣጠር በ51ኛው፣ ስለ ልብ የሚናገረውን ታስታውሳላችሁ። የአማርኛው መጽሐፍ «የተሰበረ ልብ» ይላል፤ የላቲኑ ግን በዚያው ቦታ «ኮንትሪቱም» ነው የሚለው፣ የደቀቀ። አማርኛ ልብን እንደ ሸክላ አየው፤ ላቲን እንደ እህል። እኔ በዚህ ላይ አንድ ቀን ሙሉ ማውራት እችላለሁ፤ አትፍሩ፣ አላደርገውም።

እንግሊዝኛ ቃሉን የተዋሰው በዚህ በንስሐ ትርጉሙ ነበር፤ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ። ከንስሐ ተነሥቶ መድፍ ዘንድ ለመድረስ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ፈጀበት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ከምሽግ ተፋጥጦ ሁለቱም መንቀሳቀስ ሲያቅታቸው፣ ጠላትን ማሸነፍ ሳይሆን ማስጨረስ የሚል ስልት ስም ፈለገ፤ «አትሪሽን»ንም አገኘ። ፈረንሳይ ውስጥ ቬርደን ላይ ጀርመኖችና ፈረንሳዮች ከየካቲት 21 እስከ ታኅሣሥ 18፣ 1916 እ.ኤ.አ. ተዋጉ፤ አሥር ወር ማለት ነው። የሁለቱ ወገን ሙት፣ ቁስለኛና የጠፋ ሰው ሲደመር 700 ሺህ ገደማ ይደርሳል። የጀርመኑ አዛዥ ፋልከንሃይን ከጦርነቱ በኋላ ሲጽፍ፣ ሐሳቤ ቦታውን መያዝ ሳይሆን የፈረንሳይን ጦር ደሙን አፍስሼ ማድረቅ ነበር አለ። የራሱም ጦር አብሮ ደረቀ። መፈተግ እንደዚህ ነው፤ ሁለቱም ድንጋይ ያልቃል።

እንዲህ ያለውን ጦርነት ፈረንሳዮች በ«ዩዙር» ይጠሩታል፤ ሥሩ መጠቀም ነው፤ ሲገለገሉበት ማለቅ፣ እንደ ጫማ። ግብፅና እስራኤል ከ1969 እስከ 1970 እ.ኤ.አ. በስዊዝ ቦይ ግራና ቀኝ የተታኮሱበትን ጦርነት ዐረቦች «ሐርብ አል ኢስቲንዛፍ» ይሉታል፤ ሥሩ ደም መፍሰስ ነው። አንዱ አሸ፣ አንዱ ተጠቀመ፣ አንዱ አደማ። እኛ «የማዳከም ጦርነት» እንላለን። ስለዚህ አተረጓጎም ያለኝን ቅሬታ አልደብቅም። ማዳከም መጨረሻውን እንጂ መንገዱን አይነግረንም። ነገሩን ግን ከስሙ በፊት እናውቀዋለን። መቀሌ ላይ በእንዳ ኢየሱስ የነበረው የጣሊያን ምሽግ በግንባር ሲመቱት አልበገር ብሎ ብዙ ሰው አስጨረሰ። ምንጩ ተያዘ፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ምክሩ የእቴጌ ጣይቱ ነው ይላሉ። በጥር 1888 ዓ.ም. ሻለቃ ጋሊያኖ ምሽጉን ለቅቆ ወጣ። ያስለቀቀው ጥም ነው። «አነጠፉት» ማለት ይቻል ነበር፤ ላም ነጠፈች፣ ምንጭ ነጠፈ እንደምንለው።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። አማርኛ ለዚህ ሁሉ የሚሆን አንድ ቃል የለውም። ይህን እንደ ድህነት የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ጋር አይደለሁም። አማርኛ መጀመሪያ «ምኑ?» ብሎ ይጠይቃል። ቀሚስ ከሆነ ይነትባል። ነጠላ ይሳሳል። ቢላዋ ይዶለዱማል፣ ብረት ይዝጋል፣ ባቄላ ይነቅዛል፣ ወረቀት ይወይባል፣ ቀለም ይደበዝዛል፣ ድምፅ ይሰልላል፣ ጉልበት ይዝላል፣ ተስፋ ይመነምናል። ቦታ ለማለዋወጥ ሞክሩ። «ነጠላዬ ዶለዶመ» ያለ ሰው ያስቃል፤ «ቢላዋው ሰለለ» ያለ ሰው ደግሞ ገጣሚ ነው ወይም ታሟል። እያንዳንዱ ነገር የራሱ አሟሟት አለው፣ ቋንቋውም ያንን አሟሟት አይቶ ነው ስም የሰጠው።

ይህን ይበልጥ የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጋራዥ ነው። ወደ ጅቡቲ የሚወርድና ከዚያ የሚመጣ ከባድ መኪና በዚህ ከተማ ያልፋልና፣ አዳማ ውስጥ ጥሩ መካኒክ አይጠፋም። አንድ ቀን የወንድሜን አይሱዙ ይዤ ሄድሁ። መካኒኩ ከሥሩ ገብቶ ቆየና ዘይት የጠገበ እጁን እየጠረገ ወጣ። «ጎማው ተበልቷል፤ የፍሬን ሸራው አልቋል፤ ኩሽኔታው ላልቷል፤ ሞተሩም ደክሟል፣ ዘይት ይበላል» አለኝ። የሰማሁትን ሒሳብ ትቼ ግሡን መቁጠር ጀመርሁ። ያ ሰው በአንድ ትንፋሽ እኔ ሌሊቱን ሙሉ ያላገኘሁትን ልዩነት ዘረዘረው። አንድም ጊዜ «ተሸረሸረ» አላለም። ቀጥሎ «ፍሪሲዮኑም ይታይ» ሲል ግን ሳቅ አመለጠኝ። ፍሪሲዮን የጣሊያኖች ቃል ነው፤ እርሱም ከላቲን «ፍሪካሬ» የመጣ ነው፤ ማሸት! የትምህርት ቤት መጽሐፍ «ሰበቃ» በሚለው ነገር የሚሠራውን ዕቃ፣ የአዳማ ጋራዥ በዚያው ነገር የላቲን ስም ሲጠራው ስንት ዘመኑ ነው። መካኒኩ ለምን እንደሳቅሁ ሊገባው አልቻለም፤ ዋጋው ያሳቀኝ መስሎት ትንሽ ቀነሰልኝ።

ከግሦቹ መካከል ልዩ ነገዶች አሉ፣ እነርሱ ላይ ልቆይ። ሸረሸረ። ቦረቦረ። ገዘገዘ። ከረከረ። ፈረፈረ። መነመነ። ጮክ ብላችሁ በሏቸው። ሁሉም ሁለት ድምፅ ወስደው ይደግሙታል፤ ሸር ሸር፣ ቦር ቦር፣ ገዝ ገዝ። ሥራው በአንድ ምት የሚያልቅ አይደለምና ቃሉ ራሱ ወዲያ ወዲህ ይላል። ላቲን ማሸትን መርጦ ስም ሰጠ፤ አማርኛ መደጋገሙን በግሡ አካል ውስጥ ሰፋው። እርስ በርሳቸውም አይምታቱ። ውሃ ከጎን ይሸረሽራል፤ ምስጥ ከውስጥ ይቦረቡራል፤ በዶለዶመ ማጭድ የሚያጭድ ይገዘግዛል፤ ጭነት የበዛበት ገመድ ትከሻ ይከረክራል። ያችኑ ከረከረን «እርስ በርስ» በሚለው የግሥ ቅርጽ ስታስገቧት ደግሞ ተከራከረ ትሆናለች። ክርክር ላይ የተቀመጣችሁ ሰዎች፣ ገመዱ በማን ትከሻ ላይ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሰውንም የሚጨርሱት እነዚሁ ድርብ ግሦች ናቸው። ነዘነዘ፣ ጨቀጨቀ፣ ወተወተ። የትምህርት ቤት ጫማ ግዙልኝ ብሎ ከነሐሴ ጀምሮ የሚወተውት ልጅ ያለው ወላጅ፣ የውሃ ጠብታ ድንጋይ ይበሳል የሚለውን ማስረዳት አያስፈልገውም። በእርግጥ ድርብ ግሥ ሁሉ የሚጨርስ አይደለም፤ ለመለመም ድርብ ነው፣ እርሱ ያበቅላል። ሸረሸረ ደግሞ ደግ ጎረቤት አለችው፤ ሽርሽር። በዓል ሲሆን ሶደሬ ለሽርሽር እንወርዳለን፤ እኛ በዳርቻው ስንንሸራሸር አዋሽ ያንኑ ዳርቻ ይሸረሽራል። «እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ» የተባለው ስለ ሰው ነው፤ ወንዝ ዳር ለቆመ ሰው ግን ምሳሌ አይደለም።

አዋሽን ካነሣን፣ ቆቃ ላይ ሳንቆም አናልፍም። ግድቡ በ1960 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። የተሠራው ጣሊያን ለወረራው በከፈለችው የጦር ካሳ ነው፤ ሦስቱ ተርባይኖች በአንድነት 43 ሜጋ ዋት ገደማ እንዲያመነጩ ታስቦ ነበር። ሐይቁ ግን ውሃ ብቻ አልተቀበለም። ከላይኛው አዋሽ፣ ከሞጆ ወንዝ፣ ተዳፋት ከታረሰበት ሁሉ አፈር ይዞ የሚወርደው ጎርፍ እዚያ ሲደርስ ይረጋጋል፤ የያዘውንም ያወርዳል። ደለል እንለዋለን። ላይ ያለው ገበሬ «መሬቴ ተሸረሸረ» ይላል፤ ታች ያለው መሐንዲስ «ግድቡ በደለል ተሞላ» ይላል። ሁለት ቃል ነው እንጂ አፈሩ አንድ ነው። «አለቀ» ስንል ብዙ ጊዜ «ከእኔ ዘንድ ሄደ» ማለታችን ነው፤ የደረሰበትን አንጠይቅም።

የእናቴ መጅ እንደዚሁ ነበረች። መጅ የማታውቁ ወጣቶች ካላችሁ፣ በድንጋይ ወፍጮ ላይ እህል የሚፈጭባት የእጅ ድንጋይ ናት። ወፍጮውም መጁም ሲለሰልሱ እህል ይሸሻቸዋልና በስለታም ድንጋይ ይወቀራሉ፤ ፊታቸው እንደገና ሻካራ ይሆናል። ከዚያ ይፈጫል፣ ከዚያ ይወቀራል። ልጅ ሳለሁ ያቺን መጅ ለማንሣት ሁለት እጅ ያስፈልገኝ ነበር። ከዓመታት በኋላ ቤት ስመለስ በአንድ እጄ አነሣኋት፤ እኔ የጎለመስሁ መስሎኝ ኮራሁ። እናቴ «እርሷም እኮ አልቃለች» አለችኝ። ድንጋዩ የት ሄደ ብዬ ብጠይቃት ቀና ብላ አየችኝና «በላችሁታ» አለች።

በላ። ጎማውም የተበላው በዚሁ ግሥ ነው፤ ድንጋዩም የተበላው በዚሁ ነው። ግሡ ራሱ ግን ተበልቷል! በግዕዝ በልዐ ነው፤ መጨረሻው ላይ ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ ነበረው። ትግርኛ የምትናገሩ እዚህ ካላችሁ ዛሬም በአፋችሁ አለ። አማርኛ ጣለው። ሰምዐ ሰማ ሆነ፤ ሐረሰ አረሰ ሆነ፤ ሐመድ አመድ ሆነ። አማርኛ የግዕዝ ልጅ ነው ወይስ የእህቱ ልጅ የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍትም፤ ትከሻዬን እወደዋለሁ። ድምፆቹ ሲያልቁ ፊደሎቹ ግን ቀሩ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ሦስቱም በአፋችን አንድ ከሆኑ ቆይተዋል፤ ልጆቻችን ግን አሁንም በየትኛው «ሀ» ነው የሚጻፈው ተብለው ይገረፉባቸዋል። መልኩ ጠፍቶ ክብሩ የቀረ ሳንቲም ይመስሉኛል።

ከሁሉ የምወደው ምሳሌ «እሱ» ነው። መነሻው የግዕዝ ርእስ ነው፤ ራስ፣ ጭንቅላት። ርእሱ ማለት ራሱ ነበር። ርእሱ እርሱ ሆነ፣ እርሱ ተፈትጎ እሱ ሆነ። ዛሬ «እሱ መጣ» ስንል ጭንቅላት እየጠራን መሆናችንን ማን ያስታውሳል? ሰላምታችንም እንደዚያ ነው። «ጤና ይስጥልኝ» እንላለን፤ ይስጥልኝ የተባለው ማን ነው? «እግዚአብሔር» የሚለው ከፊቱ ነበር፤ አፍ ሲደጋግመው ሰጪው ቀርቶ ስጦታው ብቻ ቆየ። አላማርርም። ቃል እንደ መጅ ነው፤ ካላለቀ አልተሠራበትም ማለት ነው።

የማማርረው በሌላ ነው። ላቲኖች የቴሬሬን ወገን ለሰለቸ አባባልም ተጠቅመውበታል፤ «ትሪቱስ»፣ ከእጅ ብዛት ያለቀ። ዛሬ ሬዲዮ ክፈቱ፤ እሴት ተሸረሸረ፣ እምነት ተሸረሸረ፣ የብር የመግዛት አቅም ተሸረሸረ፣ ሥልጣን ተሸረሸረ። የጎርፍ ግሥ ነበር፤ ከገደል አፋፍ ላይ አንሥተን በየስብሰባው አዞርነው። እኔም ሠራተኛ ጨምሬበታለሁ፤ ድርሻዬን አልክድም። ግሡ ከዚህ ሁሉ ሥራ በኋላ ነትቧል። እምነት ሲጠፋ እኮ በብዙ መንገድ ነው። አንዳንዱ እንደ ባቄላ ከውስጥ ይነቅዛል፤ ላዩ ደህና ነው፣ ሲነክሱት ባዶ ነው። አንዳንዱ እንደ ነጠላ ይሳሳል፤ በእርሱ ውስጥ ማዶውን ታያላችሁ። ሁለቱን በአንድ ቃል የሚጠራ ዜና አንዱን ደብቆናል።

የግሪኮቹን ዕዳ ልክፈልና ልጨርስ። የላቲኑ ቴሬሬ በግሪክ «ትሪቦ» የሚባል ወንድም አለው። ከእርሱ «ዲያትሪቤ» ወጣ፤ ቃል በቃል ጊዜን መፈተግ፣ ጊዜን መጨረስ ነው። ፈላስፎች ከተማሪዎቻቸው ጋር ተቀምጠው የሚያሳልፉትን ሰዓት እንዲህ ጠሩት፤ ኋላም ንግግሩን ራሱን። እኛም «ጊዜ ፈጀ» እንላለን፤ እሳት እንደሚፈጅ። ስለዚህ አሁን ያደረግሁባችሁ ነገር በሁለት ቋንቋ ስም አለው።

ባለፈው ወር ያው መሥሪያ ቤት እንደገና ደወለልኝ። አዲስ ሪፖርት አለ፤ ያቺኑ ሠንጠረዥ አስተካክልልን፣ አንድ ቃል ብቻ ይሁን፣ ራስጌዋ ጠባብ ናት አሉኝ። አንድ ቃል የለኝም፣ ሦስት ዓምድ አድርጓት ብዬ ጻፍሁላቸው፦ የለቀቁ፣ ጡረታ የወጡ፣ ያረፉ። ገጹ አይበቃም ብለው እስካሁን እየተነጋገሩበት ነው። ያ ሹፌር ዘንድሮ በሁለተኛው ዓምድ ገብቷል። በቦታው ሰው አልተቀጠረም።